አዳራሽ የማይሻ ሙዚቃ

ስለ ሙዚቃ እድገት በሚነገርበት ቦታ ሁሉ፣ በጉባኤም ይሁን በቡና ቤት፣ ማንም ሳይመረምር ተቀብሎት የሚያልፍ አንድ አስተያየት በአገራችን ሥር ሰዶ ይገኛል፤ ይኸውም ሙዚቃ አደገ የሚባለው የተጫዋቹ ቁጥር ሲበዛ፣ አዳራሹ ሲሰፋና ድምፁ ሲጎላ ነው የሚለው ነው። ከዚህም የተወለደ ሌላ አለ፤ እርሱም አንዱ ፍሉት ይዞ ሌላው ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ሁለት ሰዎች ብቻ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚጫወቱት የኤውሮጳ የእልፍኝ ሙዚቃ፣ ይልቁንም ጀርመኖች በ20ኛው ምዕተ ዓመት የደረሱት፣ የጠገበ የከተማ ሰው ቅንጦት ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ለሚገኙ ጥቂት የተማሩ ሰዎች ካልሆነ በቀር ለነገሌና ለያቤሎ፣ ለሜጋና ለሞያሌ፣ በጠቅላላው ለደቡቡ ቆላ ከተሞች አንዳች ፍሬ የለውም የሚል ነው።

ይህን ሁለተኛውን አስተያየት ከሥሩ ልቃወመው እወዳለሁ። የምቃወመውም ጀርመንን ለማመስገን ወይም ቆላውን ለማሞገስ ብዬ ሳይሆን፣ ነገሩ ከታሪክም ከጥበብም አንጻር ሲታይ ተገልብጦ የተነገረ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ያ ሙዚቃ የተወለደው በጥጋብ ሳይሆን በእጦት፣ በጦር ሰፈር፣ በእገዳና በፍርስራሽ መካከል ነው፤ የሚጠይቀውም ሁለት ሰውና አንድ ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፣ ትልቅ አዳራሽና ብዙ ገንዘብ ከሌላት ከተማ የተሻለ ማደሪያ አያገኝም።

አስቀድሜ ግን የተቃዋሚዎቼን ነገር በሙሉ ኃይሉ ላቅርበው፤ ባላጋራን አዳክሞ አቅርቦ አሸነፍሁ ማለት ነውር ነውና። እነርሱ እንዲህ ይላሉ፦ የቆላ ሰው ከብቱን ያጠጣል፣ ግመሉን ይነዳል፣ በሠርጉ ይጨፍራል፤ ሙዚቃው የብዙ ሰው ሙዚቃ ነው፤ ሁለት ሰው ሲጫወት ዝም ብሎ ተቀምጦ መስማት ከጠባዩ ጋር አይሄድም። ፒያኖ የነገሌን አቧራ አይችልም። የሚያስተምር የለም፤ ቢኖርም እንኳ ሕዝቡ ውኃና መንገድ በሚጠይቅበት አገር ስለ ሶናታ መናገር ማፌዝ ነው። ይህን የሚናገሩት ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ለሕዝቡ ከልባቸው የሚያዝኑ ናቸው፤ ነገር ግን ኀዘናቸው ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ኀዘን ነው። ነገሌ ውስጥ ለሠርግ ስፒከርና ጄኔሬተር የሚያከራይ አንድ ወዳጄ ክርክሬን ሰምቶ፣ «አንተ ሰው፣ ከእንጀራዬ ልታፈናቅለኝ ነው እንዴ?» ብሎኛል፤ ከተቃዋሚዎቼ ሁሉ የራሱን ጥቅም በግልጽ የተናገረ እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ከሌሎቹ አብልጬ አከብረዋለሁ።

ቅንጦት ነው ከሚለው ክስ ልጀምር። ዚግፍሪድ ካርግ ኤለርት እ.ኤ.አ. ከ1877 እስከ 1933 የኖረ፣ አብዛኛውን ዘመኑን በላይፕሲግ ከተማ ያሳለፈ፣ ከሁሉ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በደረሳቸው ሥራዎች ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ የኦርጋን ሊቅ ወታደር ሆኖ በአንድ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ገባ፤ ካርል ባርቱዛት ከሚባለው ስመ ጥር የላይፕሲግ ፍሉት ነፊ ጋር በነበረውም ወዳጅነት የተነሣ፣ ቀድሞ እምብዛም ላላሰበበት ለፍሉት በሰፊው ይጽፍ ጀመር። ለአንድ ፍሉት ብቻ የተጻፉት 30 ካፕሪሶቹ፣ እንዲሁም ለፍሉትና ለፒያኖ የደረሰው ሶናታ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ታላቁ ኦርጋን ወደ ጦር ሰፈር አይሄድም፤ ኦርኬስትራም በጦርነት ዘመን ይበተናል፤ ፍሉት ግን ለሦስት ተፈትቶ በወታደር ከረጢት ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ከዚህ ልደት ውስጥ ቅንጦቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ የሚያሳየኝ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ጦር ሰፈር ምን እንደ ሆነ ለነገሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ይህች ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ከተማ በታሪክ መጻሕፍት ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለቱም ጊዜ በጦር ምክንያት ነው። ኋለኛው ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ በተከለከሉ ጊዜ፣ በምግባቸውም መበላሸት ተማረው የነበሩት የነገሌ ወታደሮች አምፀው፣ ሊያነጋግራቸው የመጣውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው ከእነርሱው ምግብ እንዲበላ፣ ከእነርሱው ውኃ እንዲጠጣ አደረጉት፤ ከዚያም በኋላ የሆነው የአገሩ ሁሉ ታሪክ ነው። ፊተኛው ደግሞ በ1928 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን ነው፤ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶሪያ በኢጣልያው ጄኔራል በግራዚያኒ ጦር ተሸንፎ ነገሌ ከአየር ተደብድባ በጠላት እጅ ወደቀች፤ ግራዚያኒም ለዚህ ሥራው «የነገሌ ማርኬዝ» የሚል የመኳንንት ማዕረግ ተቀበለ። ከተማይቱን በቦምብ የመታት ሰው በስሟ ተጠራ ማለት ነው።

ያ ዓመት፣ በፈረንጆች 1936፣ ለዚህ ክርክር ዋና ዓመት ነው፤ ፓውል ሂንደሚት የፍሉትና የፒያኖ ሶናታውን የጻፈው በዚሁ ዓመት ነውና። ሂንደሚት እ.ኤ.አ. በ1895 ፍራንክፈርት አጠገብ በምትገኘው በሃናው ተወልዶ፣ በፍራንክፈርት ተምሮ፣ ገና በወጣትነቱ የዚያች ከተማ ኦፔራ የቫዮሊኖች አለቃ ሆነ፤ በ1920ዎቹም ዓመታት በጀርመን ካሉት ወጣት ደራስያን ሁሉ ስሙ የገነነ እርሱ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን ይጠቁሙበት ጀመር። ታላቁ የኦርኬስትራ መሪ ፉርትቬንግለር እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1934 በጋዜጣ ወጥቶ ቢከራከርለት፣ ጥብቅናው እሳቱን አባሰው እንጂ አላበረደውም፤ የናዚዎቹ ሚኒስትር ጎብልስ በአደባባይ ሂንደሚትን አወገዘ፣ ፉርትቬንግለርም ከሹመቱ ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1936 የሂንደሚት ሥራ በጀርመን አገር እንዳይሰማ ታገደ። ሶናታው ስለዚህ በተጻፈበት አገር ሊሰማ አልቻለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1937 በዋሽንግተን፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን፣ ፍሉቱን ፈረንሳዊው ዦርዥ ባሬር፣ ፒያኖውን የፖርቶ ሪኮው ተወላጅ ሄሱስ ማሪያ ሳንሮማ ተጫወቱት። በሚከተለው ዓመት ናዚዎች በዱስልዶርፍ «የረከሰ ሙዚቃ» ብለው ላዘጋጁት ትዕይንት ስሙ መሳለቂያ ሆነ፤ እርሱም ወደ ስዊስ ተሰደደ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ።

እንግዲህ የነገሌ ሰው ቦምብ በወረደበት ዓመት፣ አንድ ጀርመናዊ በገዛ አገሩ አፉን ተለጉሞ ይህን ዜማ ይጽፍ ነበር። ሁለቱ ስለ ሁለቱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ መከራቸውም እኩል ነው ብል ቧልተኛ እሆናለሁ። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሶናታው ከጨቋኞቹ ወገን የመጣ ዕቃ አይደለም። «የፈረንጅ ነው» ተብሎ ከግራዚያኒ አውሮፕላን ጋር በአንድ ጆንያ ሊከተት አይገባውም።

ጀርመን ከደቡባችን ጋር ምን አገናኛት ለሚሉም አንድ ነገር ላስታውሳቸው። በሂንደሚት አገር በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒዩስ ተቋም ሊቃውንት በአዶልፍ የንሰን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 ደቡብ ኢትዮጵያን እየዞሩ የገዳን ሥርዐት መርምረዋል፤ የየንሰን መጽሐፍም በዚያው በ1936 ሽቱትጋርት ታትሟል። ከእርሱ በኋላ የመጣው አይከ ሃበርላንድ ስለ ደቡብ ኦሮሞዎች፣ ቦረናና ጉጂም ጭምር፣ የጻፈው ሰፊ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1963 ወጣ፤ ሂንደሚትም በዚያው ዓመት በፍራንክፈርት ሞተ። የፍራንክፈርት ሰው ስለ ቦረና አባ ገዳ በሚያጠናበት ዘመን ከአዲስ አበባ ምሁራን ስንቱ ገናሌን ተሻግሮ ያውቅ ነበር? ስለዚህ ቆላውን በርኅራኄ የሚጠብቁልን ሰዎች በር ጠባቂነታቸውን ከየት እንዳገኙት ቢነግሩን መልካም ነው።

አሁን ወደ ሶናታው ራሱ እንግባ። ሙሉው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ሦስት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ደስ ብሎት የሚራመድ፣ ሁለተኛው እጅግ የዘገየ፣ ሦስተኛው እጅግ የፈጠነ ሲሆን፣ ሦስተኛው ተፈጸመ ብሎ ሰሚው ሲነሣ በድንገት አንዲት አጭር የሰልፍ ዜማ ከኋላው ትመጣለች። ፒያኖው አጃቢ አይደለም፤ ፍሉቱ የተናገረውን ይቀበላል፣ ያጣምመዋል፣ መልሶ ይጠይቀዋል፤ አንዳንዴም ፍሉቱ ዝም ብሎ እንዲሰማው ያስገድደዋል። በመካከለኛው ክፍል ድምፁ እጅግ ዝቅ ይላል፤ እዚያ ላይ ፍሉት ነፊው ትንፋሹን የሚወስድበት ሳይቀር ስለሚሰማ፣ ከአምስተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ግማሹን ነገር ያጣል። የመጨረሻዋን ሰልፍ ብዙዎች በዚያ ዘመን በጀርመን መንገዶች ይረግጥ በነበረው ቦት ጫማ ላይ የተነገረ ፌዝ አድርገው ይሰሟታል፤ ደራሲው እንዲህ ነው ባይልም፣ የታገደ ሰው በ1936 በርሊን ውስጥ ተቀምጦ ሰልፍ ሲጽፍ ምን ያስብ እንደ ነበር መገመት አስቸጋሪ አይደለም። ወታደር አይታ ላደገች ከተማ ይህ ፌዝ የሚገባት ይመስለኛል፤ እንዲያውም ሰልፍ በቴሌቪዥን ብቻ ካየ የአዲስ አበባ ሰው ይልቅ ለእርሷ የቀረበ ነው።

በሂንደሚት ላይ የሚነገር አንድ ሌላ ክስ አለ፤ ደረቅ የአእምሮ ሰው ነው፣ ልብ የለውም ይሉታል። ይህ በኤውሮጳም የሚነገር ስለ ሆነ ወገኖቻችን ከዚያ ቀድተውት ይሆናል። እኔ የማየው ግን እንዲህ ነው፦ ሂንደሚት እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1955 ባለው ዘመን ለፍሉት፣ ለኦቦ፣ ለክላርኔት፣ ለባሱን፣ ለቀንድ፣ ለጥሩምባ፣ ለትሮምቦን፣ ለቱባ ሳይቀር፣ እያንዳንዱ ከፒያኖ ጋር የሚጫወተው ሶናታ ጻፈ። ቱባ የሚነፋ ሰው ከዚያ በፊት ማን አስቦለት ያውቃል? ከኦርኬስትራ ጀርባ ተቀምጦ በመቶ ቆጥሮ አንድ ጊዜ «ፏ» እንዲል የተፈረደበት ሰው ነበር። ብራምስ ለክላርኔትና ለፒያኖ ሁለት ሶናታ ሲጽፍ ለፍሉት አንድም አልተወለትም። ሂንደሚት ግን የተረሳውን ሁሉ በየተራ ጠርቶ፣ ከአንድ ፒያኖ ተጫዋች ጋር እኩል አስቀምጦ፣ እስቲ አንተም ተናገር አለው። ይህን ያደረገ ሰው ልብ የለውም ከተባለ፣ ልብ የምንለው ነገር እንባ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚህም ይልቅ ክርክሬን የሚያጸናልኝ ፕሎን የምትባለው ከተማ ነገር ነው። ፕሎን በሰሜን ጀርመን በሐይቅ መካከል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟን የሚያውቅ የውጭ አገር ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሂንደሚት በዚያ ላለው የአዳሪ ተማሪዎች ቤት የአንድ ሙሉ ቀን ሙዚቃ ጻፈ፤ በማለዳ ከግንብ ላይ የሚነፋ፣ በምሳ ሰዓት በማዕድ የሚሰማ፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚዘምሩት፣ ማታ ደግሞ በጉባኤ የሚጫወቱት፤ በምሽቱም ክፍል ውስጥ ፍሉት ራሱን የቻለ ቦታ አለው። በዓለም የታወቀው ደራሲ በርሊንን ትቶ ወደ ትንሽ ከተማ ወርዶ፣ ገና ጣታቸው ያልጠነከረ ልጆች ሊጫወቱት የሚችሉትን ነገር በጥንቃቄ መጠነ። ለዝቅተኛ ሰሚ ዝቅ ያለ ነገር መስጠቱ አልነበረም፤ ሙዚቃ በሚሰሙትና በሚጫወቱት መካከል ያለው ግንብ መፍረስ አለበት ብሎ ስላመነ ነው። በጀርመን አገር ለፕሎን የተገባው፣ በኢትዮጵያ ለነገሌ የማይገባው በምን ሕግ ነው?

ከጦርነቱ በኋላም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሃንስ ቬርነር ሄንዘ ገና 21 ዓመት የሞላው የሃይደልበርግ ተማሪ ሆኖ ለፍሉትና ለፒያኖ ሶናቲና ጻፈ፤ መምህሩ ቮልፍጋንግ ፎርትነርም በዚያው ዓመት የራሱን ጻፈ። አገሩ በፍርስራሽ ተሸፍኗል፣ አዳራሾቹ ተቃጥለዋል፣ ዳቦ በካርድ ይታደላል፤ መምህሩና ደቀ መዝሙሩ ግን ሁለት ሰው የሚበቃውን ሙዚቃ ጻፉ። በጀርመንኛ ባህል ያደገው የፕራጉ ኤርቪን ሹልሆፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1927 የጻፈው የፍሉት ሶናታ የጃዝ ጨዋታ የተቀላቀለበት፣ ለዛው የማይጠገብ ነው፤ ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1942 በባቫሪያ በቩልትስቡርግ እስር ቤት ሞተ። ይህን ሁሉ የማነሣው ቅንጦት ለሚሉት ነው፤ እስከ አሁን የቆጠርኳቸው አንድ ወታደር፣ አንድ የታገደ፣ ሁለት በፍርስራሽ መካከል የተቀመጡና አንድ በእስር የሞተ ናቸው።

የቆላ ሰው ጠባይ ከዚህ ጋር አይሄድም ለሚሉት መልሱ ከቦረና ጉድጓድ ይቀዳል። በዱብሉቅና በአካባቢው ያሉትን ጥንታዊ ኤላዎች ያየ ሰው ያውቀዋል። ከብቶቹ ከላይ በጭቃ በተሠራው ገንዳ ዳር ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ተራውን የሚያውቀውና የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። ከገንዳው በታች ጉድጓዱ ወደ ምድር ሆድ ይወርዳል፤ በየእርከኑም እርቃናቸውን የቀሩ ጎልማሶች አንዱ ከሌላው ራስ በላይ ቆመዋል፤ ከታች ያለው ውኃ የሞላውን ባልዲ ወደ ላይ ይወረውራል፣ ከላይ ያለው ይቀበላል፣ በዚያው ቅጽበት ባዶውን ይለቃል። አንዱ ያዜማል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ፤ ዜማው ከተሳሳተ ባልዲው ይወድቃል፤ ባልዲው ከወደቀ ከብቱ ይጠማል። እዚያ ውስጥ ተመልካች የለም። የራሱን ድርሻ ብቻ የሚያውቅ፣ ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ድምፅ የማይሰማ ሰው አንዲት ደቂቃ አይቆምም።

የእልፍኝ ሙዚቃ ይኸው ነው። ድርሻህን ያዝ፣ የወንድምህን ስማ፣ ከተሳሳትክ የሚሸሽግህ ብዛት የለም። በኦርኬስትራ ውስጥ 16ኛው ቫዮሊን ቢሳሳት መሪው እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ በሂንደሚት ሶናታ ፍሉቱ ግማሽ ምት ቢዘገይ ሁሉ ነገር ይፈርሳል። በደገኛው ወገንም ቢሆን ይህ እንግዳ አይደለም፤ በማኅሌት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ተቀባብለው ሲያደርሱ ያደገ ሰው ይህን ሥርዐት ከልጅነቱ ያውቀዋል። እንግዲህ የቦረናን ጉድጓድ «ባህላዊ ትርዒት» ብሎ ለጎብኚ የሚያሳይ፣ ፍሉትና ፒያኖ ግን ለዚያው ሰው አይገባውም የሚል አስጎብኚ ያየውን ነገር አልሰማውም። ከነገሌ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሊበን ሜዳ፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ሆና የቀረች አንዲት ትንሽ የሣር ወፍ አለች፤ ኤውሮጳውያን ይህችን ወፍ ለማየትና ድምፅዋን ለመስማት ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ይመጣሉ፤ ለእነርሱ ትንሽ ድምፅ ለቆላ አይስማማም ብሎ የነገራቸው የለም።

ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ እርሱ «እኛ ዋሽንት እያለን ፍሉት ምን ያደርግልናል?» ይላል። ይህን ወገን ከፊተኞቹ ይልቅ በፍቅር እመልስለታለሁ፤ ቅንዓቱ ከእውነት ሩቅ አይደለምና። ዋሽንት ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው፤ ቅኝቱ ሲለወጥ ነፊው ሌላ ዋሽንት ያነሣል፤ ስለዚህ በጀርባው ብዙ ዋሽንት ይዞ ይሄዳል። የዛሬው ፍሉት ግን የሙኒኩ ተወላጅ የቴኦባልድ ቦም ሥራ ነው፤ እርሱም ወርቅ አንጥረኛም ፍሉት ነፊም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 ለንደን ሄዶ ቻርልስ ኒኮልሰን የሚባለውን ነፊ በሰማ ጊዜ የዚያ ሰው ድምፅ ግዝፈት አስደነገጠው፤ ተመልሶም በመጀመሪያ በ1832፣ ኋላም በ1847 ፍሉትን ከሥሩ አፍርሶ ሠራው፤ ቀዳዳዎቹን ለጣት በሚመች ቦታ ሳይሆን ድምፅ በሚጠይቀው ልክ በስሌት አስቀመጠ፤ ጣት የማይደርስበትንም በቁልፍና በዘንግ አደረሰው። በዚህም 12ቱን ድምፅ ሁሉ በአንድ መሣሪያ ላይ አስተካከለ። አስገራሚው ነገር ጀርመኖች የወገናቸውን ሥራ ለብዙ ዓመታት አንቀበልም ሲሉ፣ የፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1860 መቀበሉ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፍሉት ሲባል ዓለም ፈረንሳይን ያስባል። የገዛ ቤታችንን ጥበብ ሌላው ሲያከብረው ብቻ የምናከብር እኛ ብቻ አይደለንም።

ቦም ፍሉትን ያጎላው ለትልልቅ አዳራሾች ነው፤ ሂንደሚትና ወገኖቹ ደግሞ ይህንኑ ለአዳራሽ የተሠራ መሣሪያ መልሰው ወደ እልፍኝ አስገቡት። ዋሽንት ግን ከእልፍኝና ከሜዳ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚገናኙት በመንገድ መካከል ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚያባርርበት ምክንያት የለም። የእኛ ሰዎች ይህን ከተረዱ ቆይተዋል። የቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1960ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ስለ ባለዋሽንቱ እረኛ ለኦርኬስትራ ደርሷል። በቡልጋሪያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አልበሙ ያንኑ እረኛ በአንድ ፒያኖ ብቻ አምጥቶታል፤ በዚያ ሥራ ውስጥ የቀኝ እጁ ጣቶች የነፊውን ትንፋሽ ሲያስመስሉ የሰማ ሰው ፒያኖ መዶሻ ያለው መሣሪያ መሆኑን ይጠራጠራል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ለፒያኖ የደረሱትን የራሳቸውን ሥራ በ1960ዎቹ በሸክላ ያሳተሙት በዚያችው በጀርመን አገር ነው፤ ገቢውንም ለድኾች ልጆች ሰጡ። እማሆይ ሲጫወቱ የሰማ ሰው ይህን ሙዚቃ ትልቅ አዳራሽ ይገባዋል ብሎ አያስብም፤ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚኖር ነገር ነው። በአሸናፊ ሥራ ላይ አንድ ቅሬታ ካለኝ፣ እረኛውን በብዙ ቫዮሊን መክበቡ ነው፤ አንድ ፒያኖ ቢበቃው በወደድሁ ነበር። ያኔ ግን የመንግሥትና የምሁሩ ምኞት ሁሉ ወደ ትልቁ ስለ ነበር በእርሱ ብቻ አልፈርድም።

የቀረው የአቧራውና የፒያኖው ነገር ነው፤ ይህን ክስ እቀበላለሁ፣ እውነት ነውና። የፒያኖ እንጨት ድርቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይጣመማል፣ ክሩ ይላላል፤ የሚቃኘውም ሰው ከአዲስ አበባ መምጣት ይኖርበታል። ነገር ግን በደቡቡ ከተሞች የጸሎት አዳራሾችና የሠርግ ቤቶች ውስጥ ኪቦርድ የሌለበት ስንቱ ነው? ወጣቱ «ኦርጋን» እያለ የሚጠራውን ያን መሣሪያ በአሥር ጣቱ የሚጫወት ልጅ በነገሌም በያቤሎም በሞያሌም አለ። ለመዝሙር ቅንብር የሚበቃ እጅ ለሂንደሚት መካከለኛ ክፍል በልምምድ ይደርሳል፤ የመሣሪያው ድምፅ እንደ እውነተኛው ፒያኖ አይሆንም፣ ሶናታው ግን ይሰማል። ያቤሎ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አንዲት ክፍል፣ አንድ ኪቦርድና ሁለት ፍሉት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሸክም አይደለም፤ ለአንድ ቀን በዓል የሚከራየው ስፒከር ዋጋ በዓመት ሲደመር ከዚያ ያንሳል ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ወዳጄን አከራዩን ልጠራበት እችላለሁ።

ፒያኖ ፈጽሞ የለም፣ ኪቦርዱም መብራት ሲጠፋ ይሞታል ከተባለም መልስ አለኝ። በወታደር ቤት የተወለዱት የካርግ ኤለርት ካፕሪሶች ፒያኖ አይጠይቁም፤ አንድ ፍሉት ብቻ። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ሞተ የ70 ዓመቱ የባለቤትነት ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ ኖታውን ማንም ቢገለብጠው የሚከሰው የለም፤ የሂንደሚትን ግን የማይንዙ ሾት ማተሚያ ቤት ያሳትመዋልና በገንዘብ ነው። ከ30ዎቹ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ደራሲው ያሰናዳቸውም ፍሉት ነፊውን ለአዲሱ ዘመን አስቸጋሪ ሙዚቃ ደረጃ በደረጃ እንዲያበቁት ነው። ተቃዋሚዎቼ ፒያኖው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እንታገሥ ካሉኝ፣ ይታገሡ፤ እስከዚያው አንድ የነገሌ ልጅ ሃያ ዘጠኙን ይጨርሳል። ሠላሳኛው ቻኮን ስለ ሆነ ረጅምና ከባድ ነው፤ እርሱን መምህር ካገኘ በኋላ ቢጀምረው ይሻላል።